ሁሉ በአንድ እጅ፦ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን

በ1805 ዓ.ም. ገደማ የሸዋው ገዢ ራስ ወሰን ሰገድ በገዛ አገልጋዩ እጅ ተገደለ። አልጋው ይገባዋል ሲባል የኖረው ታላቁ ልጁ በኩሬ በዚያን ጊዜ መርሐቤቴ ነበር። ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ገና 18 ዓመት ገደማ የሆነው ጎረምሳ ነው፤ እናቱ ዘነበ ወርቅ በምትኖርበት በሰላ ድንጋይ፣ በገዳም ይማር ነበር። የአባቱን ሞት እንደ ሰማ ትምህርቱን ትቶ ወደ አባቱ መቀመጫ ወደ ቁንዲ ገሠገሠ፤ ወንድሙ ሳይደርስም አልጋውን ያዘ። በኩሬ ሲመጣ ነገሩ አልቆ ነበር። ተይዞ በይፋት ወዳለው የጎንቾ እስር ቤት ወረደ፤ ሌሎቹ ወንድሞችም ወደዚያው ተጋዙ።

የንጉሥን ወንድም ማሰር ሣህለ ሥላሴ ያመጣው ነገር አልነበረም። ቀድሞ በግሼን፣ ኋላም በጎንደር ዘመን በወኽኒ አምባ የነገሥታት ዘር የሆኑ ወንዶች ተዘግቶባቸው ይኖሩ ነበር። የንጉሥ ልጅ የሆነ ሁሉ አልጋ ሊመኝ ይችላል፤ ባለ አልጋው ከበዛ ደግሞ አገር ይታመሳል ተብሎ ይታመን ነበርና። ቢሆንም የወጣቱ ገዢ የመጀመሪያ ሥራ ይህ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከዚያ በኋላ በገዛባቸው 34 ዓመታት የሠራው በጎም ሆነ ክፉ የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው፤ አገር የሚጸናው ሥልጣን ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ሲያዝ ነው ከሚል እምነት።

የወረሰው አገር ትንሽ ቢሆንም ሥሩ የጠለቀ ነበር። ቅድመ አያቶቹ ከመንዝ ተነሥተው ከትውልድ ወደ ትውልድ እየሰፉ የመጡ ናቸው። ከነጋሲ ክርስቶስ ቀጥሎ ሰባስትያኖስ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስና አስፋ ወሰን ገዙ፤ ከዚያ አባቱ ወሰን ሰገድ፤ ሰባተኛው እርሱ ነው። ማዕረጋቸው መርዕድ አዝማች ነበር፤ ራስ የተባለው ወሰን ሰገድ የመጀመሪያው ነው። ከአምኃ ኢየሱስ ዘመን ጀምሮ ዋና መናገሻቸው አንኮበር ሆነች።

አንኮበርን ያየ ሰው ለምን እንደተመረጠች ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሜዳው ድንገት ያልቅና ምድሩ ወደ አዋሽ በረሃ ይወርዳል። ከተማዋ በዚያ ጠርዝ ላይ፣ ዙሪያዋን ገደል ከቧት ተሰቅላለች። ከኋላዋ ስንዴና ገብስ የሚያበቅለው ብርዳማው ደጋ አለ፤ ከፊቷ ደግሞ ከአፋር ጨው፣ ከታጁራ ወደብ ጨርቅና ጠመንጃ የሚመጣበት የግመል መንገድ። ያንን ጠርዝ የያዘ ሰው የደጋውን እህልና የቆላውን ንግድ አንድ ላይ ይቆጣጠራል።

ሣህለ ሥላሴ መጀመሪያ በመርሐቤቴ የተነሣውን ዐመፅ አበረደ፤ ቀጥሎ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ወደ ኦሮሞው አገር ዞረ። ከአቢቹ ኦሮሞዎች ጋር አንዳንዴ በድርድር፣ አንዳንዴ በጦር ተገናኘ። በጋብቻና በሹመት ወዳጅ ያደረጋቸው ባላባቶች ነበሩ፤ እምቢ ያሉትን ወጋ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆራት ደብረ ብርሃን በጦርነት ተቃጥላ ነበርና እንደገና አሠራት። ከእርሷ አለፍ ብሎ በአቢቹ ምድር አንጎለላን መሠረተ። እነዚህ መንደሮች ሁለት ሥራ ነበራቸው። አንድም ወታደር የሚሰፍርባቸው ምሽጎች ናቸው፤ አንድም ንጉሡ ከአንኮበር ተነሥቶ እየተዘዋወረ የሚቀመጥባቸውና ግብር የሚያበላባቸው ከተሞች። ወሰኑ በዘመኑ ወደ ቡልጋ፣ ወደ ከረዩና እስከ ጉራጌ ድረስ ተገፋ።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ መርዕድ አዝማች መባሉን ትቶ የሸዋ፣ የይፋት፣ የኦሮሞና የጉራጌ ንጉሥ ተባለ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። የጎንደር ዐፄዎች የየጁ ራሶች የሚሾሟቸውና የሚሽሯቸው ስም ብቻ ሆነው ነበርና ‘ማን አንግሦህ?’ የሚለው አልተገኘም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው የአገሬው አባባልም ለአንኮበር ቤተ መንግሥት በልኩ የተሰፋ ነበር።

በዚያው ዘመን በሌላኛው የዓለም ዳርቻ፣ በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው በሄይቲ፣ ተመሳሳይ ታሪክ እየተሠራ ነበር። በባርነት ተወልዶ የነፃነቱ ጦር አዛዥ ለመሆን የበቃው አንሪ ክሪስቶፍ በ1803 ዓ.ም. በሰሜን ሄይቲ ራሱን አነገሠ። በተራራ ጫፍ ላይ ግዙፍ ምሽግ፣ ከተራራው ሥር ደግሞ ቤተ መንግሥት አስገነባ። ሕዝቡን በግዳጅ አሠርቶ አገሩን አበለጸገ፤ ሕግና ሥርዓትም አቆመ። ነገር ግን ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ብቻ ነበርና በ1813 ዓ.ም. ታሞ አልጋ ላይ ሲውል ወታደሩ ከዳው፤ እርሱም በገዛ እጁ ሞተ። ወራሽ ልጁ በቀናት ውስጥ ተገደለ፤ መንግሥቱም በደቡቡ ሪፐብሊክ ተዋጠ። ሣህለ ሥላሴ ይህን ሰው ሰምቶት ላያውቅ ይችላል፤ ያቆመው አገዛዝ ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠብቀው ነበር።

ሸዋን የጎበኙ የውጭ ሰዎች የንጉሡን መልክና የዕለት ሥራውን በዝርዝር ጽፈዋል። ባደረበት ሕመም አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፤ እንዲያም ሆኖ ፊቱ ግርማ ነበረው። ሌሊት ተነሥቶ መዝሙረ ዳዊት ይደግማል። ሲነጋ ጋጣውንና ዕቃ ቤቱን ይጎበኛል፤ ከዚያ ከፍ ብሎ በተሠራ ሰገነት ላይ ተቀምጦ ይፈርዳል። ከሥር በግቢው ወንበሮች የሚባሉት ዳኞች ተሰይመዋል፤ ከእነርሱ ወዲያ ደግሞ መሬቱን የተቀማ ገበሬ፣ ዕዳ የተካደ ነጋዴ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ‘አቤት! አቤት!’ እያሉ ይጮኻሉ። ወንበሮቹ ጉዳዩን ሰምተው ሐሳባቸውን ይሰጣሉ፤ የመጨረሻው ቃል ግን የንጉሡ ነው። ሹም የበደለው ድሃ እንዲህ ባለ አደባባይ ሹሙን አሳጥቶ ሊገባ ይችል ነበር። ሕዝቡ ሣህለ ሥላሴን ከወደደባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ፍርዱ ነው።

ግቢው ራሱ ትልቅ የሥራ ቤት ነበር። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ኮርቻ ሠሪው፣ ባሩድ ቀማሚው፣ ጠጅ ጣዩና እህል ፈጪዋ ሁሉ እዚያ ይውላሉ። ወርቅ ማጌጥ ንጉሡ ለፈቀደለት ብቻ ነበር። ከሁሉ በላይ የተጠበቀው ጠመንጃ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ነፍጥ ሁሉ በንጉሡ ግምጃ ቤት ይቀመጣል፤ ነፍጥ ተሸካሚዎቹ አብዛኞቹ የቤተ መንግሥቱ ባሮች ናቸው። ባላባቱ ጦርና ጋሻ ይዞ በፈረሱ ይመጣል፤ እሳት የሚተፋው መሣሪያ ግን በእርሱ እጅ አይገባም። እንዲህ ሲሆን ሹም ሁሉ ቢያምፅ የሚገጥመውን አስቀድሞ ያውቃል።

ከአንኮበር ሥር ያለችው የአልዩ አምባ ገበያ የንግዱ በር ነበረች። የሐረርና የአፋር ነጋዴዎች ጨው፣ መዳብ፣ ሐርና ጨርቅ ያመጣሉ፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይዘው ይመለሳሉ። ሰውም ይሸጥ ነበር። በአብዱል ረሱል ገበያ ከደቡብ የተነዱ ወንዶችና ሴቶች፣ ልጆችም ጭምር፣ ዋጋ ተቆርጦላቸው ወደ ታጁራ ይወርዳሉ፤ ንጉሡም ከዚያ ቀረጥ ይቀበላል። የአንኮበር ድምቀት ሲነሣ ይህም አብሮ መነሣት አለበት። ይህን ምሥራቃዊ በር የሚጠብቀው የይፋቱ ገዢ ወላስማ መሐመድ ነው፤ የጎንቾ እስረኞች ጠባቂም እርሱ ነበር። ያለ ንጉሡ ፈቃድ ወደ ሸዋ የሚገባ እንግዳ አልነበረም፤ የገባም ያለ ፈቃድ አይወጣም።

በ1820ዎቹ ዓ.ም. ይህ አገዛዝ ተፈተነ። ድርቅ መጣ፤ ከብት አለቀ፤ ሰው ተራበ፤ ቀጥሎም የኮሌራ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። በደጉ ዘመን በግብር የተሰበሰበው እህል በአንኮበር ጎተራዎች ተከማችቶ ነበርና ንጉሡ ጎተራውን ከፍቶ ለረሃብተኛው አደለ። በዚያ ጊዜ ከሞት የተረፈ ሰው ስሙን በበጎ ቢያነሣ ምንም አያስገርምም። ሌላው ፈተና ከቤቱ ወጣ። የነፍጠኞቹ አለቃ የነበረው ሜዶቆ ሸፍቶ ከኦሮሞ ጦር ጋር ተባበረና አንጎለላን አቃጠለ። ያ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገለት ነፍጥ ለአንድ ጊዜ በጌታው ላይ ዞረ። ሜዶቆ ከተሸነፈ በኋላ በካህናት ምልጃ ምሕረት አግኝቶ ተመለሰ፤ ቆይቶ ግን እንደገና ተጠረጠረና ተገደለ። በአንድ ሰው ፈቃድ በሚኖር አገር ምሕረትም ዋስትና የለውም፤ የሰጠው ሰው ልቡ ሲለወጥ እርሱም ይነሣል።

ዘመቻው የየዓመቱ ሥራ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ አዋጅ ይነገራል፤ ባላገሩ ስንቁን ቋጥሮ፣ ፈረሱን ጭኖ በአንጎለላ ሜዳ ይሰበሰባል። በ1834 ዓ.ም. የዘመተው ጦር ከእንጦጦ ሥር ወደ ፊንፊኔ ሸለቆ ሲወርድ የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሀሪስ አብሮ ስለነበር ያየውን ጽፎ አስቀርቷል። ፈረሰኛው በመንደሮቹ ላይ ሲለቀቅ ቤቱ ተቃጠለ፤ ወንዱ በሸሸበት ተገደለ፤ ሴቱና ሕፃኑ ከከብቱ ጋር ተነዳ። ሀሪስ ስለ ምርኮኞቹ ለምኖ ብዙዎቹን አስለቅቋል። ዛሬ አዲስ አበባ የተዘረጋችበት ምድር ያን ቀን ያየው ይህን ነው። ከዘመቻው የተመለሰው ወታደር በአንጎለላ እየፎከረ ሲገባ ቤታቸው የተቃጠለባቸው የኦሮሞ ቤተሰቦች አመድ ላይ ቀርተው ነበር። ስለ ሣህለ ሥላሴ ሲጻፍ ከሁለቱ አንዱን ብቻ መናገር ግማሹን ታሪክ መደበቅ ነው።

የውጭ አገር ሰዎች በዚህ ጊዜ ወደ ሸዋ የጎረፉት ያለ ምክንያት አይደለም። እንግሊዝ በ1831 ዓ.ም. ዐደንን ይዛ ነበር፤ የቀይ ባሕር መንገድ የሕንድ መንገድ ሆነ፤ ፈረንሳይም ከዚያው አካባቢ ድርሻ ትፈልጋለች። ኮምብና ታሚዚዬ የተባሉ ፈረንሳውያን ቀደም ብለው ሸዋን አይተው ነበር። በ1831 ዓ.ም. ጀርመኖቹ ሚስዮናውያን ኢዘንበርግና ክራፕፍ መጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ተከተለ። የሣህለ ሥላሴ ፍላጎት ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው፤ ጠመንጃና የእጅ ባለሙያ። ክራፕፍ ስለ ወንጌል ሲያነሣለት ንጉሡ ስለ መድፍ ይጠይቀው ነበር። በመጨረሻም በክራፕፍ በኩል በቦምቤይ ላለው የእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ላከ።

መልሱ በ1833 ዓ.ም. ክረምት ደረሰ። ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ ሐኪም፣ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ ሠዓሊና ወታደሮች አስከትሎ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሸዋ ገባ። በመንገድ ላይ ከሰዎቹ የተገደሉበት ነበሩ። ስጦታው በንጉሡ ፊት ሲዘረጋ የካሽሚር ሻልና የሙዚቃ ሣጥን ነበረበት፤ ንጉሡን ከልብ ያስደሰተው ግን ጠመንጃውና መድፉ ነው። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ፤ በሰኔ 1835 ዓ.ም. ደግሞ በሮሼ ዴሪኩር አማካይነት ከፈረንሳይ ጋር። ንጉሡ ለአንዱም አልተሸጠም፤ ሁለቱንም አቻችሎ ያዛቸው። እንግዶቹ ከሚፈለገው በላይ ሲቆዩ ደግሞ በሩን መዝጋት አወቀበት። ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ከወጣ በኋላ እንዲመለስ አልተፈቀደለትም። ውሎቹ ከወረቀት ያለፈ ፍሬ ባይሰጡም ሸዋ ራሷን ችላ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የተዋዋለች አገር መሆኗ በእነርሱ ተመዘገበ።

ሀሪስ ሸዋን ከመልቀቁ በፊት አንድ ሌላ ነገር ሆነ፤ የሣህለ ሥላሴን ታሪክ ለሚያነብ ሰው ከውሉ ይልቅ ይህ ይከብዳል። ንጉሡ ታሞ በጠና ተጨነቀ። እንግሊዛዊው የጎንቾ እስረኞች እንዲፈቱ ለመነ፤ ንጉሡም ሰማው። 30 ዓመት ያህል ታስረው የኖሩ ሰባት የነገሥታት ዘሮች ከጎንቾ ወጥተው በፊቱ ቀረቡ። ወጣት ሆነው የገቡት ሸምግለው ነው የወጡት። በጨለማ የተቆጠረውን ጊዜ የገፉት ማበጠሪያና በገና በመቅረጽ ነበርና ያንኑ የእጅ ሥራቸውን ይዘው መጥተው ለዘመዳቸው ለንጉሡ እጅ መንሻ አደረጉት። አንድም ጦር ያላነሡ፣ ጥፋታቸው የንጉሥ ልጅ ሆኖ መወለድ ብቻ የሆነ ሰዎች ናቸው። የመንግሥቱ ጽናት በምን ዋጋ እንደተገዛ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት በሃይማኖት ክርክር ተጨነቁ። የሸዋ ካህናት ስለ ክርስቶስ ልደት በሚያስተምሩት በሦስት ልደትና በሁለት ልደት ተከፍለው ነበር። ንጉሡ ሦስት ልደት ለሚሉት ወግኖ ሌሎቹን ከደብራቸው አስነሣ። የተነሡት ጎንደር ድረስ ሄደው ለአዲሱ ጳጳስ ለአቡነ ሰላማ አቤት አሉ፤ ነገሩም እስከ ውግዘት ደረሰ። ሹምን በነፍጥ፣ ወንድምን በእስራት የያዘው ሰው የካህናትን ልብ በትእዛዝ ሊያስማማ አልቻለም። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የልጁ የኃይለ መለኮት ልጅ ተወለደ፤ ይህም ሕፃን በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ የሆነው ነው። ሣህለ ሥላሴ በጥቅምት 1840 ዓ.ም. ሞተ።

አልጋው ያለ ደም ለኃይለ መለኮት አለፈ። ይሁን እንጂ ወራሹ የወረሰው ግምጃ ቤቱን ነው፤ የአባቱ ግርማ ከአባቱ ጋር ሄዷል። ከሣህለ ሥላሴ ጋር በመሐላና በፍርሃት የታሰሩት የአቢቹና የሌሎቹ ኦሮሞዎች ባላባቶች እርሱ እንደሞተ ወዲያው ዐመፁ፤ መሐላው ለሰውየው እንጂ ለሸዋ አልነበረምና። የካህናቱም ጠብ አልበረደም። ስምንት ዓመት አልፎ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሰሜን ሲመጣ ኃይለ መለኮት ታሞ ነበር፤ በጥቅምት መጨረሻ 1848 ዓ.ም. ሞተ። የቀረው የሸዋ ጦር በረከት በተባለ ስፍራ ተሸነፈ። የ11 ዓመቱ ምኒልክ ተማረከና ወደ መቅደላ ተወሰደ። ቴዎድሮስ ለሸዋ የሾመው የሣህለ ሥላሴን ልጅ ኃይለ ሚካኤልን ነበር፤ ንጉሥ መባል ግን ቀርቶ የጥንቱ መርዕድ አዝማችነት ተመለሰ። ለ34 ዓመት የተገነባው ንግሥና በአንድ የዘመቻ ወቅት ፈረሰ።

የአንሪ ክሪስቶፍ ቤት ከእርሱ ጋር ሲቀበር የሣህለ ሥላሴ ቤት ግን ተነሣ። ምኒልክ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ሸዋ ሲገባ ሕዝቡ የአያቱን ስም እያነሣ ተቀበለው። ለምኒልክ ቀኝ እጅ ከሆኑት ትልልቅ ሰዎች አንዱ አጎቱ ዳርጌ ነው፤ የሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ ከምኒልክ ጋር መቅደላ የታሰረ፣ ኋላም ራስ ተብሎ ሰላሌን የገዛ። የሣህለ ሥላሴ ሴት ልጅ ተናኘ ወርቅ ደግሞ የራስ መኰንን እናት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አያት ናት። በቀድሞው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ ዳርጌ ዕድሜውን ጎንቾ ውስጥ በገና ሲቀርጽ በጨረሰ ነበር። ያ ሥርዓት በመቅረቱ ለምኒልክ የጦር አዛዥና አማካሪ ተረፈለት።

ሣህለ ሥላሴ ደግ ነበር ወይስ ጨካኝ እያሉ መከራከር ብዙ አያራምድም። ጎተራ የከፈተው እጅና ፊንፊኔን ያስቃጠለው እጅ አንድ ነው፤ ድሃ በአደባባይ የተፈረደለትና በኩሬ ያለ ፍርድ የታሰረው በአንድ ሰው ቃል ነው። ጥያቄው ሌላ ነው። ያ ፍርድ፣ ያ ጎተራ፣ ያ ሰላም ሰውየው ሲያልፍ በማን እጅ ቀረ? ሸዋ መልሱን በስምንት ዓመት ውስጥ አገኘች። ደግ ገዢ ያገኘ ሕዝብ ደግነቱን በሕግና በሸንጎ እንዲያስርለት በገዢው ዘመን ካልጠየቀው፣ ከሞተ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አያገኝም።